የኢማሙ ቀይ

በቅሎዋ የድንጋዩን ደረጃ ስትወጣ አዳለጣት። ሰርሃን ከኋላዋ ሆኖ በትከሻው ደግፎ፣ በአፉ እየሰደባት በልቡ እየለመናት ወደ ላይ ገፋት። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ከሰንዓ ከወጣ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ አራቱን ቀን አንዲት ጠብታ ሳትነካው ተጉዞ፣ በመጨረሻው ቀን የሹማም ምሽግ ግንብ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ እያለ መታየት ሲጀምር ሰማዩ ተቀደደበት።

መጠለያ አጥቶ አይደለም። ከመንገዱ ዳር ለመንገደኛ የተሠራ፣ ጣሪያ ያለው የውኃ ጉድጓድ ነበረ። ሁለት የገለባ ነጋዴዎች ከነአህዮቻቸው ተጠልለው «ግባ አንተ ሰው! ዝናብ የመንግሥት ሰው መሆንህን አያውቅም!» ብለው ጠርተውታል። ሰርሃን እጁን አወዛውዞላቸው አለፈ። የአገሩ ገዥ የኢማሙ ጸሐፊ ሲያሰናብተው በጆሮው ያለው ነገር እንዲቆም አልፈቀደለትም።

«የያዝከው ብስራት ነው» ብሎት ነበር ጸሐፊው። «የበኒ ሐውዳን ጎሣ መያዣ ሆኖ የታሠረው ልጅ ይፈታ የሚል ነው። ግን እግርህን አንሣ። ኢማሙ ትራስ ተደግፈው ነው ያተሙት። እሳቸው ካረፉ በየመንገዱ ያለ ደብዳቤ ሁሉ ተራ ወረቀት ይሆናል።»

የኢማሙ ደብዳቤ በኪስ አይያዝም፤ በኮረጆም አይያዝም። መልእክተኛው በጥምጣሙ ውስጥ ይሸከመዋል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ሰርሃን በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አንድም ደብዳቤ አልጠፋበትም። እንዳይጠፋበት ከሁሉ በታች፣ ከተላጨው አናቱ ጋር አጣብቆ ጥምጣሙን በላዩ ይጠመጥማል። ሌሎች መልእክተኞች መሐል ላይ ይሸጉጣሉ፤ እሱ ግን በሌሎች ሥራ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው።

ጥፋቱ የዝናቡ ነው ቢባል ይቀል ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የሰርሃን ኩራት ነው። ብስራት ይዞ የሚገባ መልእክተኛ እንደ ሙሽራ ነው የሚታየው፤ ዘብ ይነሣለታል፣ የምሽጉ ሹም በእጁ የቡና ገለባ አፍልቶ ይቀዳለታል። ሰርሃን ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ብስራት የያዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ እሰሩ፣ ቅጡ፣ አምጡ የሚል ነበር። ስለዚህ አሮጌውን ጥምጣም ቤቱ ጥሎ፣ ዘቢድ ከተማ ቀለም ተነክሮ ገና አንድ ቀን እንኳ ያልተለበሰውን፣ በዱላ ተወቅጦ እንደ ብረት የሚያብለጨልጨውን ሰማያዊ ጥምጣም አደረገ። አዲስ ጥምጣም ቀለሙን ይለቃል። ያደረገው ሰው ግንባሩና አንገቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ በዚያ አገር ነውር አይደለም፣ አዲስ ልብስ እንዳለህ ምስክር ነው። ከአናቱ በታች ያለችው ወረቀት ግን ትዝ አላለችውም።

በሩ ላይ የነበረው ዘብ ሙቅቢል ይባላል። ከሰርሃን መንደር ማዶ ነው ትውልዱ፤ የሁለቱ መንደር ሰዎች በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ገበያም ይሰዳደባሉ።

«ማነው የሚመጣው?» አለ ሙቅቢል ከግንቡ ጫፍ።

«የኢማሙ መልእክተኛ!»

«ከሰንዓ ነው የመጣኸው ወይስ ከቀለም ነካሪዎች ጋን?»

ሰርሃን እጁን ወደ ፊቱ ሰደደ። መዳፉ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ጢሙ ይንጠባጠባል፤ ነጭ የነበረው ሸሚዙ እስከ ደረቱ ሰማያዊ ሆኗል። ያኔ ነው ደብዳቤው ትዝ ያለው።

«በሩን ክፈት፣ ወሬኛ» አለ፤ ድምፁ ግን እንዳሰበው አልወጣለትም።

ሹማምን ቱርኮች የሠሩት ለእህል ጎተራ ነበር። ግንቡን ሁለት ክንድ ያወፈሩት ነቀዝና ሌባ እንዳይገባ ብለው ነው፤ መስኮቶቹም ከእጅ አይሰፉም። ቱርኮች ሲሄዱ የኢማሙ ሰዎች መጥተው አዩና፣ እህል የማያስወጣ ቤት ሰውም አያስወጣም ብለው ወህኒ አደረጉት። ከታች ነፍሰ ገዳዮች፣ ከመሐል መንግሥት የጠረጠራቸው፣ ከላይ ደግሞ መያዣዎች ተቀመጡ። መያዣ የሚባለው፣ ጎሣው እንዳያምፅ ዋስትና ተብሎ የተወሰደ የሸይኽ ልጅ ነው። ወንጀል የለበትም። ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ መጥቶ ሲተካው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዓመት በሁለት ዓመት እየተፈራረቁ ነው። ለሁሉም መንግሥት በቀን ሁለት ድፍን ያለ የወታደር ዳቦ ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ከቤቱ ያስመጣል።

የበኒ ሐውዳን መያዣ ግን ስምንት ዓመቱ ሳለ ገብቶ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። በገባ በመንፈቁ ጎሣው አመፀ። አባቱና ሁለት ወንድሞቹ በዚያ ጦርነት አለቁ፤ አጎቶቹ ባሕር ተሻግረው ጠፉ። እናቱ ብቻ ቀረች፤ ሴት ደግሞ በመያዣነት አትጻፍም። የሚተካው ወንድ ስለሌለ ማንም አልተካውም።

የወህኒው ሹም ሰይድ ሙጣሃር ወደ ግቢው በተከፈተው ጽሕፈት ክፍላቸው ምንጣፍ ላይ፣ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ጢማቸው የተከረከመ፣ ሰው ሲናገር ጣታቸውን በመዝገቡ ላይ አድርገው የሚሰሙ ሰው ናቸው። ሰርሃን ገብቶ እጃቸውን ሳመና በሩ ላይ ቆመ።

«ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ብስራት ነው» አለ። «የበኒ ሐውዳን ልጅ ይፈታ የሚል ነው።»

ብስራት የምትለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ከሰው ቀድማ ነው የምትሮጠው። ሰርሃን ጥምጣሙን ሳይፈታ ሁለት ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ደብዳቤውን እየፈለገ ሳለ፣ ዱረይብ መስፉንና መዶሻውን ይዞ ግቢው ውስጥ ካለው ዳስ ሥር ደረሰ። የወህኒው ቀጥቃጭ ነው፤ እግር ብረት እሱ ያጠልቃል፣ እሱ ይፈታል። መያዣውንም ይዘውት ወረዱ። ረጅም፣ ፊቱ ጠሐይ ያልነካው፣ ቁመቱን ያህል እርምጃ የሌለው ወጣት ነው፤ ቁርጭምጭሚቶቹን ያያያዘው ሰንሰለት ከዚያ በላይ አያራምደውም።

«እግርህን አምጣ፣ ጀብራን» አለው ዱረይብ። «አምስት ጊዜ ቀለበቱን አሰፍቼልሃለሁ። የመጀመሪያዋ አሁን ለእጅህ አንጓም አትበቃም። ስድስተኛ አልሠራልህም!»

ጀብራን ሳቀና እግሩን መስፉ ላይ አደረገ። 

በዚያው ቅጽበት ደብዳቤው ከጥምጣሙ ወጣ። ረጥቧል፤ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። ሰይድ ሙጣሃር ምንም ሳይሉ ተቀብለው በጨርቅ ላይ ዘረጉትና በሁለት ጥፍራቸው እጥፋቱን ከፈቱ። ውስጡን ቀስ ብለው አነበቡ። ጽሑፉ ደኅና ነው፣ እጥፋቱ ጠብቆታል። ገለበጡት። ከውጭ፣ ማኅተሙ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ሰማያዊ ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ ነበረ።

«ቀዩ የት አለ?» አሉ።

ኢማሙ ሲያትሙ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣታቸው ቀይ ዱቄት ይቀቡበታል። ማኅተም መቅረጽ የሚችል ሞልቷል፤ ያንን ቀይ ግን ከየት እንደሚያስመጡት ማንም አያውቅም። ቀይ የሌለው ደብዳቤ በአገሩ ሁሉ በር አያስከፍትም።

«ነበረ፣ ሲዲ። ጸሐፊው ሲያጥፈው በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናቡ ነው...»

«አምንሃለሁ» አሉ ሰይድ ሙጣሃር። «የእኔ ማመን ግን ብረት አይከፍትም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሹም ቀይ የሌለው ደብዳቤ ተቀብለው አንድ ሰው ፈቱ። ደብዳቤው የሐሰት ነበር። የተፈታው ሰው ብረት ለእሳቸው ሆነ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዳቦ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ዱረይብ፣ መዶሻህን አስቀምጥ።»

ዱረይብ አስቀመጠ። ጀብራን እግሩን ከመስፉ ላይ አላነሣም፤ እዚያው ትቶት ቆመ።

«ተመልሼ ሌላ አጽፌ እመጣለሁ» አለ ሰርሃን። «በቅሎ ቀይሩልኝ። አሁኑኑ እነሣለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ስምንት። ቢበዛ ዘጠኝ።»

«ኢማሙ በጠና ታመዋል ይባል የለም?»

 የኢማሙን መታመም በግቢው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አዲስ ኢማም ሲነግሥ ደግሞ መያዣ አይፈታም፤ እንዲያውም ይጨመራል።

ሰይድ ሙጣሃር ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፤ ጨርቁንም አዩት። «ቀይ ነገር ወዴት ይሄዳል?» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ጨርቁ ላይ የለም። ሸሚዝህ ላይ የለም። ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም፣ ወይ አሁንም አንተው ጋ ነው። የት ነው የያዝከው? መሐል ላይ?»

«ከሥር ነው፣ ሲዲ። ከአናቴ ጋር።»

«እንግዲያው ጥምጣምህን አውልቅ።»

ሰርሃን የሰማውን አላመነም። በግቢው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ሙቅቢል ከበሩ ወርዶ ከፊት ተገትሯል። የጎሣ ሰው በሰው ፊት ራሱን የሚገልጠው ደም አፍስሶ ይቅርታ ሲለምን ብቻ ነው። ያለዚያ ከሞተ በኋላ ነው።

«ብቻችንን እንሁንና አሳይዎታለሁ።»

«ብቻዬን ያየሁት ማስረጃ አይሆንም። ምስክር ያስፈልገኛል፤ ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። አላስገድድህም፣ ሰርሃን። በቅሎ ትቀየርልሃለች፤ በክብር ትሄዳለህ።»

«መንገድ ላይ አውልቀህ ብታየው ኖሮ እኮ እንዲህ አይሆንም ነበር!» አለ ሙቅቢል።

«አንተ ዝም በል!» የሰርሃን እጅ ወደ ጃምቢያ ጩቤው ሄደ። ደሙ ፈልቷል፤ ግን በማን ላይ እንደፈላ አላወቀም።

ያኔ ጀብራን ተናገረ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የቁርኣን አንባቢ ድምፅ ነው፤ ያደገው እዚያው ሲቀራ ነው። «ወንድሜ፣ ተወው» አለ። «ለእኔ ብለህ ራስህን አትግለጥ። እኔ ለምጄዋለሁ። ሂድና ሌላ ደብዳቤ ከመጣ መጣ።» ይህን ብሎ እግሩን ከመስፉ ላይ አወረደ።

ሰርሃን ይህን ባይሰማ ኖሮ ምናልባት በቅሎዋን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ልጁ ቢያለቅስ ወይም ቢለምነው ኖሮም ይሄድ ነበር ይመስለኛል። ያች እግር በጸጥታ ስትወርድ አንጀቱን በላችው። ይህ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቃት ደብዳቤ የተበላሸችው እሱ እንደ ሙሽራ መታየት ስላማረው ነው። በራሱ አፈረ፤ ከዚያ ኀፍረት ጋር ሲተያይ ራሱን የመግለጡ ቀለለበት።

የጥምጣሙን ጫፍ ፈልጎ ያዘና መፍታት ጀመረ። ስምንት ክንድ ጨርቅ ነው፣ አያልቅም።  የመጨረሻው ዙር ሲወርድ አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የሰርሃን ራስ ከቅንድቡ እስከ ማጅራቱ ሰማያዊ ነበር።

«ተንበርከክ» አሉ ሰይድ ሙጣሃር። ተንበረከከ። ሳቁ ቀጥ አለ፤ ምክንያቱም አናቱ ላይ፣ በሰማያዊው መሐል፣ የእንቁላል አስኳል የምታህል ቀይ ነገር ታየች።

ሰይድ ሙጣሃር ጢማቸውን የሚያዩበትን ትንሽ መስተዋት አስመጡ። ከሣጥናቸውም ቀይ ያለበት የቆየ ደብዳቤ አወጡ። መስተዋቱን በሰርሃን አናት ላይ ይዘው፣ አንዴ መስተዋቱን አንዴ ደብዳቤውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ማኅተሙ ተገልብጦ ታትሟል፤ መስተዋቱ ውስጥ ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል። የላይኛው መስመር ሙሉ ነው፣ ከታችኛው ግማሹ አለ።

«ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዱረይብ፣ እይ። ሙቅቢል፣ አንተም እይ። ስማችሁን እጽፋለሁ።»

«ወላሂ የኢማሙ ቀይ ነው» አለ ዱረይብ፤ መዶሻውንም አነሣ።

«ቆይ። ገና ነው።» ሰይድ ሙጣሃር መዝገባቸውን ገለጡ። «እኔ አይቻለሁ፤ ግን የአውራጃው ቃዲ አይተው እስኪያጸድቁ ድረስ ይህ ማስረጃ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ቃዲው ተጠርተው ለመድረስ አምስት ቀን ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ራስህን አትታጠብም። አትሸፍንም፤ ጨርቁ ያብሰዋል። በጀርባህም አትተኛም።»

«ልታስሩኝ ነው?»

«አንተን ማን አሠረህ? ማስረጃ ነው የማስቀምጠው። ሌላው ማስረጃ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ አንተ ሣጥኑ ውስጥ አትገባም።»

«ታዲያ ዱረይብ ለምን እግሬን ያያል?»

«ይህኛው ማስረጃ እግር ስላለው ነው» አሉ ሰይድ ሙጣሃር፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል። የመያዣ ብረት የሚከፈተው በቀይ ወይም በተተኪ ነው። ቀዩ እስኪጸድቅ ድረስ ዘመድ ባትሆንም አንተን ተተኪ ብዬ እጽፍሃለሁ። ያኔ ልጁ ዛሬውኑ ይሄዳል። ቃዲው ካላጸደቁት ግን፣ ወይም ቀዩ ቀድሞ ከጠፋ፣ የበኒ ሐውዳን መያዣ አንተ ነህ። ተተኪህ እስኪመጣ ድረስ።»

የበኒ ሐውዳን ሰው ተተኪ እንደሌለው ደግሞ ሰርሃን ያውቃል። ሚስቱ ትዝ አለችው፤ አሁን ዝናቡ ሳያበላሽባት ማሽላውን ልትሰበስብ ወንድሞቿን እየለመነች ይሆናል። ምራቁን ዋጠና «ጻፉኝ» አለ።

ብረቱ ከጀብራን እግር ላይ ወድቆ በሰርሃን እግር ላይ ለመጥለቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ሰይድ ሙጣሃር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፦ ማክሰኞ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጠሐይ ሳትጠልቅ። ጀብራን እንደ ሕፃን በሁለት እግሩ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሰርሃንን እጅ ሊስም ሲል ሰርሃን እጁን ነጠቀው።

«በሳምንቱ ካልተፈታህ ተመልሼ እመጣለሁ» አለ ጀብራን።

«ብትመጣ ከዚያ ገደል ነው የምወረውርህ። ሂድ፣ ይመሽብሃል!»

ሄደ። ከበሩ ውጭ መቶ እርምጃ ያህል እንደ ታሠረ ሰው በአጭር በአጭሩ እየተራመደ ሲወርድ ከግንቡ ላይ አዩት። ከዚያ መንገዱ ዞረና ተሰወረ።

አምስቱ ቀን ረጅም ነበር። ሰርሃን በላይኛው ፎቅ ከሌሎቹ መያዣዎች ጋር ተቀመጠ፤ ሁለት ዘብ እየተፈራረቁ ሲያንጎላጅ ያነቁታል፣ ሲያሳክከው እጁን ይይዙታል። ያላበውን በማራገቢያ ያደርቁለታል፤ በዚህ ሙቅቢል ጎበዝ ነበር። ሙቅቢል እያራገበ ግጥም ገጠመበት፤ በሁለተኛው ቀን ታችኛው ፎቅ ያሉት ነፍሰ ገዳዮች ሳይቀሩ ይዘምሩት ጀመር፦

«ከሰንዓ የመጣው የመንግሥት መልእክተኛ፣
ወረቀቱ ጠፍቶ ራሱ ሆነ ዳኛ።»

«ገበያ ላይ ይህን ካልክ እገድልሃለሁ» አለው ሰርሃን።

«ገበያው እኮ ሰምቷል፤ ሐሙስ የሄዱት ገለባ ነጋዴዎች ወስደውታል» አለ ሙቅቢል። ሰርሃን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከብረቱ ይልቅ ይህ አንገበገበው፤ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ቀዩም ሲነጋ ሲነጋ እየሳሳ ነበር። ሰይድ ሙጣሃር ጠዋት ጠዋት በመስተዋታቸው እያዩ ምንም ሳይናገሩ ይወርዳሉ፤ አርብ ዕለት ግን ከንፈራቸውን ነከሱ።

ቅዳሜ ሌላ መልእክተኛ መጣ። ጥምጣሙ አሮጌ ነበር። ኢማሙ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል።

 ከላይ ያሉት መያዣዎች ሰርሃንን አዩና ዓይናቸውን መለሱ። አንደኛው የራሱን ብርድ ልብስ እጥፍ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠለት፤ ለብዙ ጊዜ ጎረቤትነት እንደሚደረገው። ሰርሃን ይህን ሲያይ አለቀሰ።

ቃዲው እሑድ ረፋድ ላይ ደረሱ። ዓይናቸው የደከመ፣ ከበቅሎ በሁለት ሰው የሚወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰርሃንን ጠሐይ ላይ አንበርክከው፣ መስተዋቱን አስጠግተው አራቅ አድርገው ተመለከቱ። የላይኛው መስመር ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቢሆን ደብዝዟል።

«ታጥቧል?»

«አልታጠበም። አልተሸፈነም» አሉ ሰይድ ሙጣሃር።

«እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ኢማሙ አርፈዋል። የሞተ ሰው ቀይ ምን ያደርጋል?»

ሰይድ ሙጣሃር መዝገቡን ከፍተው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አደረጉ። «ብረቱ የተከፈተው ማክሰኞ ነው፣ ከዐስር በኋላ። ኢማሙ ረቡዕ ነው ያረፉት። ሲከፈት ቀዩ የሕያው ሰው ቀይ ነበር። እኔን ጨምሮ ሦስት ምስክር አለ።»

ቃዲው ወደ ምስክሮቹ ዞሩ። ዱረይብ ማለ። ሦስተኛው ሙቅቢል ነበር።

«አይቻለሁ» አለ ሙቅቢል። «ስስቅበትም አይቻለሁ፣ መሳቄን ስተውም አይቻለሁ። የኢማሙ ቀይ ነው። ውሸት ከሆነ በእሱ ብረት እኔ ልግባ።»

ቃዲው ብዙ አላሰቡም። የማኅተሙን መስመር ወረቀት ላይ ገለበጡ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ አሸዋ ነሰነሱበት። ወረቀቱ ወደ ሣጥኑ ገባ። «ይህን ሰው ፍቱት» አሉ። ዱረይብ መዶሻውን ሲያነሣ ሰርሃን ዓይኑን ጨፈነ።

ብረቱ ከወደቀ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳቡ ራሱን መሸፈን ነበር። ጥምጣሙን አምጥተውለት ከበሩ ሥር፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ መጠምጠም ሲጀምር ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማ።

«በልጄ ብረት የተቀመጠው የት ነው?»

ሙቅቢል በሩን ገርበብ አደረገ። አንዲት አሮጊት ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጫማዋ አልቋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የገብስ ቂጣና በገንቦ የተቀዳ የአብሽ መረቅ በጀርባዋ አዝላለች። ሙቅቢል አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ያያት ሴት ናት፤ ከዚያ በር አልፋ ገብታ አታውቅም።

«እማማ ተቂያ! ልጅሽ እኮ ሄዷል፣ አልደረሰም እንዴ?» አላት ደንግጦ።

«ደርሷል። ሐሙስ ደረሰ። አብሬሽ ካልመጣሁ ሲለኝ አስሬው ነው የመጣሁት» አለች። «ይህን በር ዳግመኛ አያይም። ለተተኪው የሚበላ የማምጣት ግዴታው የእኛ ቤት ነው። የታለ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ ሰርሃን። ጥምጣሙ ግማሹ በእጁ ግማሹ በትከሻው ላይ ነበር። ሊጨርሰው ተጣደፈ። «ይቅርታ፣ እንዲህ ሆኜ... ተፈትቻለሁ። አሁን ነው የተፈታሁት። በከንቱ ደከሙ።»

«ተወው፣ አትጠምጥመው» አለች።

«እናቴ፣ ሰው ያየኛል።»

«ይይህ! ገበያው ሁሉ ግጥም ይዞ ነው የጠበቀኝ። በየመንገዱ እየዘመሩልኝ ነው የመጣሁት። ጎንበስ በል፣ አልደርስብህም።»

በዚያ አገር ራስ የሚሳመው የአባት ነው፣ የሃይማኖት አዋቂ የአሊምም ነው፤ እናት የልጇን ራስ የምትስመው ሲሞት ወይም ከሞት ሲመለስ ነው። ሰርሃን ጎንበስ አለ። አሮጊቷ ቂጣዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት ጆሮዎቹን ይዛ፣ በዘቦቹ ሁሉ ፊት፣ አምስት ቀን ውኃ ያልነካውን አናቱን ሳመችው። አንዴ አይደለም፤ ሙቅቢል በኋላ ገበያ ላይ ሲናገር አሥራ ስድስት ጊዜ ነው፣ ቆጥሬአለሁ ይል ነበር።

ቀና ስትል ከንፈሯ እስከ አገጯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሙቅቢል መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት፤ ተቀብላ እንባዋን ጠረገችበት እንጂ አፏን አልነካችም፤ እንደዚያው ሆና የሁለት ቀን ተኩል መንገዷን ወረደች።